ያልተበሳው ነጭ መኪና

ሰኞ ጠዋት ሳጅኑ ወደ ሱቁ ገብቶ «ኢንስፔክተሯ ትፈልግሃለች፤ ተነስ» ሲለው፣ ራዲዮ ሠሪው በጣቱ የያዛት ብሎን አምልጣው ጠረጴዛ ሥር ገባች። ሊያነሳት ጎንበስ አለ፤ እዚያው እንዳጎነበሰ ቢቀር በወደደ።

ሰፈሩ «አትብሳ» ነው የሚለው። የመኪና ቆርቆሮ ሳይበሳ የመገናኛ ራዲዮ አንቴና ይተክላላ! አንዱን በማግኔት ጣሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላውን የኋላ ክዳን ጠርዝ ላይ በብረት መቆንጠጫ ያስራል። ፈትተው ቢያዩት ጠባሳ የለም። በዚህ ሥራው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው፤ ጉድ የሠራውም ይኸው ኩራቱ ነው።

ትናንት እሑድ፣ ጡረተኛው ኢንጂነር ኮረብታው ላይ በመገንባት ላይ ባለው ክሊኒክ ግቢ፣ ከነጭ መኪናቸው አጠገብ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የወደቀው ትልቅ መፍቻ እጀታው በቀይ ቴፕ ተጠቅልሏል። ቀይ ቴፕ ደግሞ የአትብሳ ምልክት መሆኑን የማያውቅ የለም።

አትብሳ በሟቹ ግቢ ውስጥ የቆመውን የእህት ልጃቸውን ሞተር ሳይክል አልፎ ሳሎን ሲገባ ላብ አጥምቆታል። ኢንስፔክተሯ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ትመላለሳለች። የሟቹ ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው፣ ከቤቱ የመገናኛ ራዲዮ አጠገብ ተቀምጠው ንቅንቅ አላሉም። የሟቹ የእህት ልጅ፣ የክሊኒኩ ግንባታ ተቆጣጣሪ፣ ከኋላቸው ቆሟል።

«መፍቻው ያንተ ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የኔ ነው እመቤቴ። ትናንት በጠዋት እዚሁ ግቢ አንቴናውን ስገጥም የመኪናዋ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ረሳሁት።»

«ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓትስ የት ነበርክ? ሐኪሙ በዚያ መሃል ነው የሞቱት ይላል።»

«ሱቄን ዘግቼ ተኝቼ ነበር። ብቻዬን።»

«እሑድ ብቻውን የሚተኛ ሰው ለፖሊስ አይመችም» አለች፤ ፊቷ ግን አልሳቀም። ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች። «አንተስ?»

«ጠዋት ከዚህ ከወጣሁ ጀምሮ እስከ ስድስት ተኩል ቤቴ ነበርኩ። ከዚያ እዚህ መጣሁ። ማንም ስላልነበረ በሩን በኔ ቁልፍ ከፈትኩ፤ ወዲያው እትዬም ታማሚ እህታቸውን ጠይቀው ከሆስፒታል ተመለሱ። ልክ በሰባት ሰዓት፣ እትዬ ወጥ ቤት እያሉ፣ ጋሼ ከኮረብታው በራዲዮ ጠሩኝ። ‹ደርሻለሁ፤ ራዲዮ ሠሪውን እየጠበቅሁ ነው› አሉ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር። ሰዓቱን ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ኧረ ውሸት ነው!» አትብሳ ብድግ አለ። «እኔን ማንም አልቀጠረኝም!»

«ቁጭ በል። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ያ አንቴና ከኮረብታው እስከዚህ ድምፅ ያደርሳል?»

አትብሳ ተቀመጠ። ትናንት መቆንጠጫውን ሊያጠብቅ ሲል ኢንጂነሩ አናቱ ላይ ቆመው «ቀለሟን እንዳትነካት! አንዲት ጭረት ካየሁ አለቀልህ!» ብለውት ነበር። ከመቆንጠጫው ሥር ያሉት ትናንሽ ብሎኖች ደግሞ ቀለሙን ወግተው ብረቱን ካልነከሱ ሥራው ሥራ አይደለም። እሱ ግን ከአሮጌ የመኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭ ቆርጦ አነጠፈላቸው። ግቢ ውስጥ ሲሞክሩት፣ ተቆጣጣሪው ከቤቱ ራዲዮ ሆኖ እየሰማ፣ ሠራ። ከሩቅ እንደማይሠራ እያወቀ፣ ማክሰኞ በዘዴ አስተካክለዋለሁ ብሎ ተወው።

እትዬ ቀና አሉ። «እዚያ ኮረብታ ላይ ስልክ አይሠራም፤ አንድ ነገር ቢሆን እንኳ ልስማው ብዬ ነው ያስተከልኩት። ያደርሳል አይደል፣ ልጄ?»

ኢንጂነሩ እየተጣሩ ድምፃቸው ጎማዋ ላይ ቀርቶ ቢሆንስ? ይህንን ለኚህ ሴት በየት አፉ ይንገር?

«እንዴታ እትዬ!» አለ። «እንደ ደወል ነው የሚያደርሰው።»

ተቆጣጣሪው በረጅሙ ተነፈሰ። ኢንስፔክተሯ ሁለቱንም አየቻቸው። «ተነስ» አለችው አትብሳን። «ኮረብታው ድረስ አብረኸኝ ትሄዳለህ። አንቴና የምታውቀው አንተ ነህ።»

ሳጅኑን ጨምረው በፖሊስ መኪና ወጡ። አትብሳ ኪሱ ውስጥ ያሉትን ብሎኖች ሲያሽ ደረሱ። ነጯ መኪና ከትናንት ጀምሮ ሳትነካ ቆማለች፤ ከአንዱ ምሰሶ ሥር የኢንጂነሩ ሜትር እንደተዘረጋ ወድቋል። አስከሬኑን ያገኘው ዘበኛ ቀረበ።

«ከሳቸው ጋር ተጣልተሃል አሉ» አለችው።

«ተጣልተናል፤ አልዋሽም። ባለፈው ሳምንት ገብተው ምሰሶ ሲለኩ አስወጣኋቸው። ‹ብረቱ ቀጭን ነው፤ ይህ ቤት በሽተኛ ላይ ይወድቃል፤ እሑድ ለክቼ ሰኞ ለመሥሪያ ቤቱ አመለክታለሁ› እያሉ ነበር የወጡት።»

«አስወጣቸው ያለህ ማነው?»

«ተቆጣጣሪው ነዋ። የገዛ የእህታቸው ልጅ።»

«ትናንትስ?»

«እሑድ ሥራ ስለሌለ ከአራት ሰዓት በኋላ ቤቴ ነኝ፤ ቤቴ ከመንገዱ ሥር ነው። አንድ ሞተር ሳይክል ሲወጣ ሰማሁ። ቆየት ብሎ መኪናቸው ወጣ። ሞተሩ ስድስት ሳይሞላ ወረደ። ሌላ የወጣ የለም። ዘጠኝ ላይ ስመለስ ነው ያገኘኋቸው፤ ምነው ባልተመለስኩ!»

ኢንስፔክተሯ ከመኪናዋ ኋላ ቁጢጥ ብላ የመቆንጠጫውን ጠርዝ በጥፍሯ ነካካች። «ይህች ጥቁር ነገር ምንድን ናት?»

«መከላከያ… መከላከያ ናት።»

«ከምን?»

«ከጭረት።»

«እህ» አለች ብቻ። ሳጅኑን ወደ ጎን ወስዳ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችውና ነጯ መኪና ውስጥ አስቀምጣው ከአትብሳና ከዘበኛው ጋር ወረደች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም የኢንጂነሩ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ዘበኛው በር ሥር፣ ተቆጣጣሪው መስኮቱ ጋ፣ አትብሳ የወንበር ጫፍ ላይ። የቤቱ ራዲዮ ተከፍቷል፤ ሹሹሹ ከማለት በቀር ምንም አይልም። አምስት ደቂቃ ሄደ። አሥር ሆነ። ኢንስፔክተሯ ማይኩን አነሳች፣ «ሳጅን፣ የቀኝ ጫማህ ክር ተፈቷል» አለችና መልሳ አስቀመጠችው። አብዳለች እንዴ ብሎ ዘበኛው አየት አደረጋት።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነጯ መኪና ግቢ ገባች። ሳጅኑ ድምፁ ሰልሎ ደረሰ።

«ምነው ዝም አላችሁኝ? ልክ በዘጠኝ ጀምሬ ከአንድ እስከ አምስት መቶ ቆጠርኩኮ! ስናገር ቀዩ መብራት ይበራል፤ ጉሮሮዬ ነው የተላጠው።»

«እኔንስ ሰማኸኝ?»

«ጥርት አድርጌ! ክሩንም አስሬዋለሁ።»

«እንግዲህ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ኮረብታው ላይ ያለ ሰው እኛን ይሰማል፤ እኛ ግን እሱን አንሰማም።»

«ዛሬ ተበላሽቶ ይሆናላ!» ተቆጣጣሪው ጮኸ። «ትናንት ይሠራ ነበር። ራሱ ሠሪው ‹እንደ ደወል› አላለም?»

ሁሉም ወደ አትብሳ ዞሩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ኢንስፔክተሯ አልቸኮለችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አትብሳ ተነሳ። የተናገረው ለሷ ሳይሆን ለእትዬ ነው።

«ዋሽቻለሁ፤ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቀለሟ እንዳይጫር ብዬ ከሥሩ ጎማ አነጠፍኩ። የመኪናዋ ብረት የአንቴናው ግማሽ አካል ነው፤ ካልተነካኩ ድምፁ ከሰፈር አያልፍም፤ የቤቱ ራዲዮ ጉልበተኛ ስለሆነ ነው ወደዚያ የሚደርሰው። ገና ከገጠምኩት ጀምሮ ከሩቅ አይሠራም ነበር። ጋሼ ሲጣሩ ሳይሰሙ የቀሩት በኔ ነው!» አለና እንባው አመለጠው።

«በል ተቀመጥ፤ አሁን ሰው ሆንክ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ኢንጂነሩ በሰባት ሰዓት ከኮረብታው ሊናገሩ አይችሉም፤ ያ ጥሪ አልነበረም ማለት ነው። ያልነበረን ጥሪ ደብተር ላይ የሚጽፍ ማነው? በሰባት ሰዓት በሕይወት እንዲኖሩለት የሚፈልግ ሰው ነው። ከስድስት ተኩል በኋላ እትዬ አይተውሃል፤ ከዚያ በፊት ግን ያየህ የለም። ሞተር ሳይክልህ ወጥቶ ስድስት ሳይሞላ ወርዷል። ምሰሶዎቹን ለክተው ሊያመለክቱብህ ነበር። መፍቻውን መኪናዋ ውስጥ አገኘኸው፤ ‹ራዲዮ ሠሪውን እየጠበቅሁ ነው› የምትለዋን እሱ አስታወሰህ። ጠዋት ሲሞከር ደግሞ እዚሁ ሆነህ ድምፁን የሰማኸው አንተ ነህ። ከሩቅም ይሠራል ብለህ አመንክ። ጎማዋን አላወቅክም።»

ተቆጣጣሪው ወደ እትዬ ዞረ። «አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው» አለ። «እምቢ አሉኝ። እምቢ አሉኝ እኮ!»

«በዚህ ቤት ነው ያደግከው» አሉ እትዬ። ሳጅኑ ይዞት ወጣ።

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ደርሳ ወደ አትብሳ ተመለሰች። «አንድ ነገር ልብ በል። ከስድስት ተኩል በፊት ይህ ቤት ባዶ ነበር። አንቴናህ ቢሠራ ኖሮ እንኳ የሚሰማቸው ሰው አልነበረም።»

አትብሳ ራሱን ነቀነቀ። ሊወጣ ሲል እትዬ ጠሩት።

«ና እስቲ ልጄ። ያቺን ጎማ አውጣልኝ።»

«ቀለሟ ይጫራል፣ እትዬ። ጋሼ…»

«ይጫር።»

ግቢ ወርዶ መቆንጠጫውን ፈታ፣ ጎማዋን ጎትቶ አወጣ፣ ብሎኖቹን ቀለሙን ወግተው ብረቱን እስኪነክሱ አጠበቀ። ከዚያ ያለ ማንም ትእዛዝ ኮረብታው ድረስ ነዳ። ማይኩን አነሳ።

«እትዬ፣ ይሰማል?»

መጀመሪያ ሹሹታ ተሰማ። ከዚያ የእትዬ ድምፅ መጣ፤ እያለቀሱ ነበር።

«ይሰማል» አሉ። «ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ልጄ።»