ከኑሩንጂ አፍ የተንጠለጠለው ክር

«ያዢው! ያዢው! በጠረጴዛው ሥር ሾለከ!» የኢሱል ጓደኛ ጋራም ጮኸች።

ኢሱል በሆዷ እየተሳበች ከልብስ ስፌት መኪናው ሥር ገባች። የአምስት ወሩ ቡችላ ኑሩንጂ ቀይ ነገር በአፉ እንደያዘ፣ ጅራቱን እየቆላ ወደ ጥጉ አፈገፈገ። ጨዋታ መስሎታል። ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው፤ ኑሩንጂ የሚባለውን፣ ድስት ሥር ተጋግሮ የቀረ ሩዝ ይመስላል፣ ቡኒ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ያረረ።

ኢሱል ቀዩን ነገር ስታየው ሳቋን አቆመች። እናቷ መርፌ የምትሰካባት ትንሽዬ ትራስ ነበረች። ሆዷ ተዘርግፏል። ጥጡ ወለሉን ሞልቶታል፤ መርፌዎቹም እዚህም እዚያም ያብረቀርቃሉ።

«በቃ፣ ተበላን» አለች ጋራም።

የኢሱል እናት ቶንግዮንግ በተባለችው የወደብ ከተማ አፋፍ ላይ ባለው ቤታቸው፣ ሱቅ ባደረገችው ፊተኛ ክፍል፣ ልብስ ታሳጥራለች፣ ሰፊውን ታጠባለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። አሁን የተስተካከለ ሱሪ ለማድረስ ዓሣ ገበያ ወርዳለች። ባለፈው ሳምንት ኑሩንጂ የደንበኛ ጫማ ሲያኝክ ይዛው «አንድ ነገር ብቻ ይድገም! በማግስቱ አጎትሽ ጋ ደሴት ይሄዳል» ብላ ነበር። አጎቷ ጋ ውሻ የሚውለው በሰንሰለት ታስሮ ነው።

ኢሱል መርፌዎቹን እየለቀመች ቆጠረች። አስራ አንድ።

«ስንት ነበሩ?» አለች ጋራም።

«እኔ ምን አውቄ! የምታውቀው እማ ብቻ ናት።»

«እንግዲያው አታካብጂ። ትራሷን እንጥላትና ጠፋች እንላለን። የካውያውን ገመድ ሲያኝክ ምን አደረግን? ጥቁር ናስትሮ ጠቀለልንበት፣ አለቀ! ማን አወቀ?»

ኢሱል የተዘረገፈችውን ትራስ አነሳች። ለአንድ አፍታ ሐሳቡ ጥሩ መስሏት ነበር። ያኔ ኑሩንጂ ሳል ጀመረ። በፊት እግሩ አፉን ይቧጥጣል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። ከከንፈሩ ጥግ ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ክር ተንጠልጥሏል።

«ክር ብቻ ነው፤ ቆይ ልሳበው» ብላ ጋራም እጇን ዘረጋች።

«አትሳቢው!»

ኢሱል ራሷን ስትጮኽ ሰማችው። እናቷ ሁልጊዜ ክር የገባበት አንድ መርፌ ትራሷ ላይ ሰክታ ትተዋለች፤ ደንበኛ ሲያጣድፋት ክር ስታስገባ ጊዜ እንዳታጠፋ። ከለቀመቻቸው መርፌዎች ውስጥ ክር ያለው አንድም የለም።

ስልኳን አነሳች። ጋራም «አሁን ከነገርሻት እኮ ኑሩንጂ አለቀለት!» አለቻት። ኢሱል ግን ደውላ ነበር።

«እማ፣ ኑሩንጂ የመርፌ ትራሷን በላት። አስራ አንድ አግኝተናል።»

እናቷ ከዓሣ ሻጮቹ ጩኸት በላይ ድምጿን ከፍ አደረገች። «አስራ ሁለት ናቸው። ነጭ ክር ያለባትስ?»

«የለችም። ክሩ ከአፉ ይታያል።»

«እንዳትነኪው! ስሚኝ፣ ክሩን እንዳትነኪው። ይዘሽው ሩጪ፣ የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ እንገናኝ።»

ኢሱል ቡችላውን በትምህርት ቤት ጃኬቷ ጠቅልላ ወጣች። ቁልቁል የሚወርደውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች በረረች። ደረቷ ላይ ልብ ሲመታ ይሰማታል፤ የሷ ይሁን የሱ አልለየችውም። ጋራም ከፊት ሆና መንገድ ታስለቅቃለች።

«ለቀቅ! ለቀቅ አድርጉ! ውሻው መርፌ ውጧል!»

የላስቲክ ቦቲ ጫማ ያደረጉ አንዲት ዓሣ ሻጭ ሳፋቸውን በእግራቸው ገፋ አደረጉ። «ምን ዋጠ?»

«መርፌ!»

«አይ ጉድ! በዚህ በኩል አቋርጡ፣ በበረዶው ጀርባ! ሩጡ ልጆቼ!»

በበረዶ ሳጥኖቹ መሀል እየተንሸራተቱ አለፉ። ክሊኒኩ በር ላይ እናቷ ከሌላው አቅጣጫ እየሮጠች ደረሰች፤ የደንበኛው ሱሪ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው። በሩን በክርኗ ገፍታ ከፈተችላቸው።

የእንስሳት ሐኪሟ ራጅ አነሳችው። ጥቁሩ ምስል ላይ መርፌዋ ቀጭን ነጭ መስመር ሆና ታየች፣ ጉሮሮው ላይ ተሰክታ።

«ወደ ሆዱ አልወረደችም። በማደንዘዣ አስተኝቼው አወጣታለሁ» አለች ሐኪሟ። «ክሩን ስባችሁት ቢሆን ኖሮ ጠልቃ ትገባ ነበር።»

ጋራም እጇን ቀስ ብላ ኪሷ ውስጥ ከተተች።

መጠበቂያው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ኢሱል ባዶ ጃኬቷን አጣጠፈች። እናቷ ስለ ደሴቱ እስካሁን ምንም አላነሳችም። ኢሱል ዝም ብትል ያልፍ ይሆናል። ግን እናቷ ነገ ጠዋት ካውያውን በእርጥብ እጇ ስትሰካው ታያት።

«እማ፣ ሌላም አለ። የካውያውን ገመድ አኝኮታል። በናስትሮ ሸፍነነዋል።»

እናቷ ቀስ ብላ ዞረች። «በየቀኑ የምይዘውን?»

«ሐሳቡ የኔ ነበር፣ እትዬ» አለች ጋራም፤ ድምጿ ልታለቅስ የደረሰች ይመስላል።

እናቷ ሱሪውን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «መጀመሪያ ውሻው ይትረፍ» አለች። «ከዚያ ሁለታችሁንም በተራ እገድላችኋለሁ።»

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ መርፌዋን በትንሽ ሳህን ላይ ይዛ ወጣች፤ ክሩ አሁንም አለባት። ኢሱልና ጋራም ተቃቅፈው እየዘለሉ ጮኹ፤ መጠበቂያው ላይ የነበረች ድመት ደንግጣ ባለቤቷ ቦርሳ ውስጥ ተደበቀች።

ቤት ሲገቡ እናቷ መጀመሪያ ካውያውን ነቀለች። ቀጥላ ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

«ምን ሆነሻል፣ እማ?»

«ውሻው የሚያየውን ልይ። ኑ፣ እናንተም ውረዱ!»

ሦስቱም በአራት እግራቸው እየዳኹ ሱቁን ዞሩ። ዓይናቸው እንዲህ ዝቅ ሲል ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። «ባትሪ!» «ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ!» «ወይኔ፣ የኔ ቻርጀር!» ጋራም ሐኪሟ ስኳር የሌለው ማስቲካ ውሻ ይገድላል ማለቷን አስታውሳ ኪሷንም ቦርሳዋንም ገለበጠች፤ አራት ማስቲካ ወደቀ። ገመዶቹን ከፍ አድርገው ግድግዳው ላይ አሰሩ። መርፌና ክሩን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱ፤ ሱቁና ቤቱ መሀልም ሳንቃ አቆሙ።

ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ሲለቀው ኑሩንጂ እየተንገዳገደ ተነሳ። ወዲያው የጋራምን ካልሲ ነጠቀ።

«ቀማኛ! አምጣ!» ጋራም ልትሮጥ ስትል ኢሱል በእጇ አገደቻት። «ካባረርሽው ጨዋታ ይሆንለታል፤ ሐኪሟ በሌላ ነገር ለውጪው ብላለች» አለችና ተቀምጣ ለስላሳ የተቀቀለ ስኳር ድንች በመዳፏ ዘረጋችለት። ኑሩንጂ ድንቹን አየ፤ ካልሲውን አየ። ካልሲው ዱብ አለ።

«ለቀቀ! እማ፣ ለቀቀ!»

እናቷ ፈገግታዋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። «እሺ፣ ደሴቱ ይቅር። ግን ጥርስ እያወጣ ነው፤ ጉልበቱም ተርፎታል። በደንብ ካልሮጠ ማኘኩን አይተውም ተብለናል። እኔ ጠዋት ሥራ አለኝ። ማን ያሯሩጠው?»

ጋራም ወደ ኢሱል አየች። የፈተና ሳምንት ሊገባ ነው፤ ኢሱል ደግሞ በእንቅልፏ ቀልድ አታውቅም። ኑሩንጂ ራሱን ጉልበቷ ላይ አጋደመ።

ስልኳን አውጥታ የጠዋቱን ማንቂያ ከአንድ ሰዓት ተኩል ወደ አስራ ሁለት ሰዓት መለሰችው። ከዚያ ስኒከሯን፣ ኑሩንጂ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ፣ ለነገ አዘጋጅታ አስቀመጠች።