ወንጭት የፈተነው መደገፊያ

ጽናት የጠፍሩን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ሳበችና በሦስተኛው ዙር ቋጠረችው። ወንጭት ወንዝ ዳር፣ አሸዋ ላይ በተጎተተች የእንጨት ጀልባ ውስጥ ተንበርክካለች። ከፊቷ ሁለት የወይራ ቋሚዎች ቆመዋል፤ በላያቸው፣ በሰው ጭን ቁመት፣ እንደ ኮርቻ ፊት የጎበጠ አግዳሚ ተጋድሟል። ቋሚዎቹ የመቀመጫውን ጣውላ በስተው ወርደው ከወለሉ ወፍራም ግንድ ውስጥ ተተክለዋል። ቀዳዳዎቹ ጥቂት ስለሰፉባት፣ ክፍተቱን የሞላችው ጠፍር ጠምጥማ ነው።

«ይዟል?» አሉ ጋሽ መርስዔ መረባቸውን ክንዳቸው ላይ እያጠፉ።

«ይዟል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን አልሽ?»

ቀዛፊው ዳኜ በጣሳ ውሃ እየጨለፈ ሳቀ። «ይዟል ትላለች ጋሼ! የዚች ልጅ ድምፅ ገና ከዓለም ከተማ በአውቶቡስ እየመጣ ነው።»

ጋሽ መርስዔ ግን አልሳቁም። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ወንዙ ሲጎድል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ከዚህ ዳር ተነሥተው ወንጭት ከጀማ ወንዝ እስከሚገናኝበት ጥልቅ ኩሬ ይወዳደራሉ። መረቡ ቀድሞ ኩሬው ላይ ያረፈለት፣ እስከ መጪው ክረምት ኩሬው የእሱ ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ወርዋሪው መቆም አለበት። ተቀምጦ የተጣለ መረብ አይቆጠርም። አሥራ አንድ ዓመት ኩሬው የጋሽ መርስዔ ነበር። አምና ግን ከድንጋይ ላይ ወድቀው ግራ ጉልበታቸው ተሰበረ፤ ዛሬ ጀልባ በተንገጫገጨ ቁጥር ይከዳቸዋል።

«ዘንድሮ መቆም ካቃተኝ ጀልባዋን ሸጬ ራቤል ከተማ ያለችው እህቴ ዘንድ እገባለሁ» ብለው ነበር የጽናት የእንጨት ሥራ ቤት ድረስ መጥተው። «የምደገፍበት ነገር ሥሪልኝ። ዱላ እንዳይመስል ብቻ።»

መጀመሪያ በምስማር ሞከረችው፤ ጣውላው ተሰነጠቀ። ያኔ ደጋው ላይ፣ ቀየት የሚኖሩት አባቷ ትዝ አሏት። ማረሻ ሠሪ ናቸው። «እርጥብ ጠፍር እሰሪ፤ ሲደርቅ ይነክሳል» ይሉ ነበር። አሰረችው። እንደ ብረት ነከሰ።

«ጋሼ!» ሲል ጮኸ አንዷለም ከሁለተኛው ጀልባ። ጎልማሳ ነው፤ ትከሻው ሰፊ። «ቀንበሩን አቁመዋል፤ በሬዎቹስ የታሉ?»

«በሬዎቹማ ያንተን ጀልባ እየቀዘፉ ነው!»

ዳር የቆመው ሰው በአንድ ድምፅ ሳቀ። ፉጨት ተሰማ። ሁለቱ ጀልባዎች ውሃው ውስጥ ገቡ። ጽናትም መደገፊያውን ልትጠብቅ፣ ለመንሳፈፊያ ቢጫ ባዶ ጀሪካን ወገቧ ላይ አስራ፣ የእቃ ሣጥኗን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ገባች።

ወንዙ ነጠቃቸው። ገደሉ ከግራም ከቀኝም እየተነሣ ሰማዩን አጠበበው። ድንጋይ መጣ፣ አለፈ፤ ሌላ መጣ። ጋሽ መርስዔ ጭናቸውን አግዳሚው ላይ አስደግፈው ቆመው ከላይ ሆነው ውሃውን ያነባሉ። «ቀኝ! ያዝ! ልቀቅ!» ዳኜ ይቀዝፋል። ጽናት ልቧ ይዘላል፤ ደስታ ነው።

ከዚያ በስተምሥራቅ፣ ጊሼ ተራሮች ላይ፣ ሰማዩ ጠቆረ። ጥቅምት ላይ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ውሃው ቡና መሰለ፤ አበጠ፤ ቅርንጫፍና የታጨደ ገብስ ተሸክሞ መጣ። ማዕበሉ ጀልባዋ ውስጥ ይደፋ ጀመር። ድንገት አግዳሚው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ መርስዔ ተንገዳግደው በደረታቸው ወደቁ።

ጽናት ጠፍሩን ነካችው። ልስልስ ብሏል፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ።

ገባት። ገበሬ ዝናብ ሲመጣ ማረሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ጀልባ የት ትግባ? እሷ የደጋ ልጅ፣ የደረቅ መሬት ብልሃት ውሃ ላይ ይዛ ወርዳለች!

«ደረቅ እንጨት ያስፈልገኛል» አለች።

ዳኜ ከአንድ የጠጠር ደሴት አስጠጋ። ጽናት መጥረቢያዋን ይዛ ዘለለች። ደሴቷ ጫፍ ላይ ግራጫ ግንድ ተጋድሟል። ሮጣ ደረሰች፤ መጥረቢያውን አነሣች።

«ጽናት» አለ ዳኜ በሹክሹክታ። «እንጨቱ እያየሽ ነው።»

ግንዱ አፉን ከፈተ። ጽናት እንዴት ጀልባው ውስጥ እንደተመለሰች አታውቅም። አዞው ተከትሏት ውሃው ውስጥ ተንሸራተተ፤ በጭራው የጀልባዋን ጎን መታ፤ ሳንቃው ጮኸ። ዳኜ በመቅዘፊያው አፍንጫውን ሲለው ጠልቆ ሸሸ። ጋሽ መርስዔ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይዘዋል።

ጽናት የእቃ ሣጥኗን አየችው። የጽድ እንጨት ነው፤ የአናጢነት ሙያ ተምራ ስትጨርስ በእጇ የሠራችው፤ ከላይ በላስቲክ የተሸፈነ፤ ደረቅ። መሣሪያዎቹን ዘረገፈችና በመጥረቢያ ፈለጠችው።

«ዳኜ፣ ወደ ጅረቱ መሃል አውጣን! ጋሽ መርስዔ፣ ቋሚውን ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ! ቀጥ! አይልቀቁ!»

ድምፅዋ ከገደል ገደል አስተጋባ።

«አውቶቡሱ ገባ!» አለ ዳኜ እያለከለከ።

ጠፍሩን በቢላ በጣጥሳ ጣለችው። ስምንት ሽብልቅ ጠረበች፤ በየቀዳዳው ዙሪያ አስገብታ በመዶሻ መታች። ማዕበል ሲደፋባቸው አልሸሸገቻቸውም። ይጠጡ! ውሃ ጠፍርን ያላላል፣ ደረቅ እንጨትን ግን ያሳብጣል። አግዳሚውን ወዘወዘችው። አልነቃነቅ አለ። የተነቃነቀችው ጀልባዋ ነበረች።

«ይነሡ ጋሼ።»

ጋሽ መርስዔ ተነሡ። ከፊት ወንዙ ለሁለት ተከፍሏል። የአንዷለም ጀልባ ርቃ ሄዳ በሰፊው በኩል ታልፋለች። ተቀምጦ ለሚያይ ጠባቡ በኩል አረፋ ብቻ ነው። ጋሽ መርስዔ ግን ቆመዋል። «ከአረፋው መሃል ለስላሳ መንገድ አለ። ግባ!»

ገቡ። ድንጋዮቹ በክንድ ርቀት አለፉ። ጀልባዋ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተፈናጥራ ስትወጣ፣ ከአንዷለም ጎን ነበሩ፤ ከፊታቸው ደግሞ ኩሬው።

የአንዷለም ቀዛፊ ጀልባውን አዙሮ ገፋቸው። ጎን ከጎን ተጋጩ። አንዷለም ቆሞ መረቡን ሲያወዛውዝ ግጭቱ እግሩን አሳተው፤ በመቀመጫው ወደቀ፤ ቢሆንም ወረወረ። ጋሽ መርስዔ በወገባቸው ዞሩ፤ አግዳሚው አቀፋቸው፤ መረቡ አየር ላይ እንደ ጃንጥላ ተከፈተ።

የአንዷለም መረብ ቀድሞ ኩሬው ላይ አረፈ።

ዳር የሚጠብቁት ዳኞች ሩቅ ናቸው፤ ማን እንደቆመ አላዩም። አንዷለም ሽቅብ ጋሽ መርስዔን፣ ቁልቁል ራሱን አየ።

«ተቀምጬ ነበር!» ሲል ወደ ዳር ጮኸ። «ኩሬው የጋሼ ነው!»

 ጋሽ መርስዔ አግዳሚውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያለቅሱ ነበር፤ ቆመው።

ዳር ሲወጡ አንዷለም መጥቶ ቋሚውን በትከሻው ገፋው። ደግሞ ገፋው። «ለእኔም ትሠሪልኛለሽ?»

«ቀጥ ብለህ ቁም» አለችው ጮክ ብላ፤ የጭኑን ቁመት በገመድ ለካች።

ከዚያ ወደ ጀልባዋ ተመለሰች። የሽብልቆቹ አናት ከጣውላው በላይ ወጥቷል፤ መረብ ይይዛል። ስምንቱንም አንድ በአንድ ከጣውላው እኩል በመጋዝ ቆረጠች፤ በመዳፏ ዳሰሰቻቸው። መረብ የሚይዝ ጫፍ አልቀረም። መጋዙን ጠርጋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።