ሰባው ሰከንድ

አናጢው በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሞቶ ነጭ ጨርቅ ከለበሰ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ከጉበቱ እጢ ሊወጣለት ገብቶ ትልቅ ደም ሥሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ቀረ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ጥፋተኛ ለማግኘት ያን ያህል ጊዜ አልፈጀበትም። የአልትራሳውንድ ባለሙያዋን የሥራ ፈቃድ የሚያሰርዝ ደብዳቤ አስጽፎ ሲያበቃ ነው ለወጉ ያህል መርማሪ የጠራው። ልጅቷ ፈቃዷን ካጣች ዳግም ማሽን ፊት አትቀመጥም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ስለቀጠነች ነው ይላሉ፤ የተወጋ ግን ያውቃል።

የቀዶ ጥገናው ክፍል ተቆልፎ ቆይቶ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ከቆሙበት ሥር ወለሉ ላይ ደም ደርቋል፤ መሐሉ ላይ ግን ስንዝር የምታህል አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ አለች። ከጠረጴዛው ግርጌ ማሽኑና የልጅቷ ወንበር ናቸው። እዚያ ወለሉ ደረቅ ነው። ከወንበሩ ሥር በእግር የሚረገጥ፣ ጠርዙን ደም የነካው ፔዳል ተቀምጧል፤ ገመዱ እንደ ስምንት ቁጥር ተጠምጥሞ በፋሻ ቁራጭ ታስሯል።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«ምስሉን ያቆማል» አለች ልጅቷ። «ፕሮፌሰሩ መቃኛዋን ጉበቱ ላይ ሲያስኬዱ ውስጡ እዚያው በዚያው ስክሪን ላይ ይታያል። ሊለኩ ሲፈልጉ በእግራቸው ያቆሙታል፤ ለክተው ይለቁታል። እኔም ከማሽኑ ላይ ማቆም እችላለሁ።»

«አቆምሽው?»

«አላቆምኩም። ፔዳሉም እሳቸው እግር ሥር ነበር።»

«አሁን ያንቺ ወንበር ሥር ነው።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። 

ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው ውስጥ እጃቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ይታጠቡ ነበር።

«ስክሪኑ ላይ ደም ሥር አልነበረም። ምስሉን አቁማ ሳትነግረኝ ቀረች።»

«ፔዳሉስ?»

«ከእሷ ወንበር ሥር አገኙት አይደል? ዛሬ እኔ አልፈለግኩትም። ሠላሳ ዓመት ቀድጃለሁ፣ እመቤት።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም።»

ማደንዘዣ ሰጪው ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። «እዚያ ክፍል የመናገር መብት ያላቸው ሁለት ናቸው» አላት፤ «ፕሮፌሰሩና የእኔ ማሽን። ማሽኔንም ድምፁን ቀንስ ይሉኛል።»

«ሰውዬው በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍስ ነበር?»

«አሥራ ሁለት። የማስተነፍሰው እኔ ነኝ።»

«ሲተነፍስ ጉበቱ?»

«ከፍ ዝቅ ይላል። የማይንቀሳቀስ ጉበት ካየሽ ወይ ፎቶ ነው ወይ ሬሳ።»

መርማሪዋ ተመልሳ የአልትራሳውንዱ ማሽን የቀዳውን ምስል ከፈተች። ጉበቱ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ለሰባ ሰከንድ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ተመልሶ ሲንቀሳቀስ ደም ብቻ ነው።

የቀዶ ጥገና ክፍሏ ነርስ ዕቃ ቤት ነበረች። ልጅቷን ሥራ ያስለመደቻት እሷ ናት፤ ልጅቷም «እትዬ» ነው የምትላት።

«ሲስተር፣ ክፍሉን ማን ቆለፈው?»

«እኔ። ጨርቅና መሣሪያ የምቆጥረው ሁሉም ከወጣ በኋላ ነው።» እያወራች አንድ ገመድ አነሳች፤ እንደ ስምንት ቁጥር ጠመጠመችው፤ ሳታየው ፋሻ ቀድዳ አሰረችው። መርማሪዋ አመስግናት ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ዳይሬክተሩ ባለበት ደሙ የደረቀበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሰውዬው ይተነፍሳል፤ ጉበቱ ግን ሰባ ሰከንድ አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ ምስሉ ቆሟል። ማን አቆመው? ማሽኑ መቆሙን እንጂ ያቆመውን አይመዘግብም፤ ወለሉ ግን መዝግቧል። ደሙ ሲፈስ እዚህ፣ ፕሮፌሰሩ እግር ሥር፣ የተቀመጠ ነገር ነበር። ዙሪያውን ሄዶ መሐሉን አልነካውም። ፔዳሉን አስቀምጬ ለካሁት፤ ልኩ ነው። እርስዎ ለመለካት አቆሙት፤ መልቀቁን ረሱ። ቢላዋው ሲሄድ ዓይንዎ ያረፈው ባለፈ ምስል ላይ ነበር።»

ፕሮፌሰሩ ወደ ወለሉ ተመለከቱ። «ረሳሁት» አሉ።

«መርሳት የሰው ነው። ፔዳሉ ከልጅቷ ወንበር ሥር መገኘቱን ሲሰሙ ውሸቱን መውረስዎ ግን መርሳት አይደለም። ደም የነካውን ፔዳል ደረቅ ወለል ላይ ያኖረው መጨረሻ የወጣ ሰው ነው፤ ገመዱንም እንደ ልማዱ አሰረው። ሲስተር፣ አዘውሽ ነው?»

«አላዘዙኝም። ፊታቸውን አየሁ፤ በቃኝ።»

«እትዬ፣ እኔን እኮ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ» አለች ልጅቷ።

«እሳቸውን ያወቅኋቸው አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን አጠፈና ወደ ኪሱ ሊከተው ሲል ልጅቷ እጇን ዘረጋች።

«ይቆይ። ምስሉ መቆሙን አይቻለሁ። ስክሪኑ ፊቴ ነበር።»

«ስንት ሰከንድ?» አለች መርማሪዋ።

«ሰባውንም። ባለፈው ወር ሳልጠየቅ ተናግሬ ፕሮፌሰሩ ከዚህ ክፍል አስወጥተውኛል። ያውቁታል፣ አሁን ይለቁታል እያልኩ ቆጠርኩ። ስቆጥር ሞተ።»

ማደንዘዣ ሰጪው «ምን አስለፈለፈሽ፣ አንቺ ልጅ?» አለ በሹክሹክታ።

«የአናጢው ሚስት ደጅ ተቀምጣለች» አለች ልጅቷ። «ግማሹን ነግሬያት ቤቴ ልግባ?»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ ዘገየች። ከዚያም በጥፋተኞቹ ዝርዝር ላይ፣ ከፕሮፌሰሩና ከነርሷ ስም ሥር፣ ልጅቷን ሦስተኛ አድርጋ ጻፈቻት።