ሃያ ሦስት ኪሎ

እትዬ የተገኙት ከብረት አልጋቸው እግር ሥር፣ በጀርባቸው ተንጋለው ነው። ሻንጣቸው አልጋው ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። ከራሳቸው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ደም የነካው ካውያ ወለሉ ላይ ወድቋል። መጀመሪያ ያየቻቸው የቤቱ ሠራተኛ ናት። ራሳቸውን አንሥታ ጭኗ ላይ አድርጋ ጮኸች፤ ሰው ሲደርስ የእሷም ቀሚስ በደም ርሶ ነበር። ጉዷ የጀመረው ከዚያ ነው።

ይህ የሆነው ትናንት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ሠራተኛዋ እጆቿ በካቴና ታስረው ሳሎኑ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እትዬ «ቁልፌ» ነበር የሚሏት፤ በዚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ እሷ የሚከፈት መሳቢያ አልነበረምና። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። መርማሪዋ መጥታ አንድ ቃል ብትናገር ይዘዋት ይሄዳሉ። ቁልፌ የምታስበው ልጇን ነው። ልጅቷ የነርስ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ወር ቀርቷታል። እናቷ ነፍሰ ገዳይ ከተባለች ማን ክንዱን ገልጦ «ውጊኝ» ይላታል? 

የእትዬ ባል ጋሼ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው እንኳ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል።

«ሌላ ማን ነበር?» ይላሉ ለፖሊሶቹ። «እኔ ጓሮ አጥር እየከረከምኩ ነበር። በመስኮት ልብስ ስትተኩስ አየኋት፤ ወዲያው ጩኸት ሰማሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አበላናት፤ ይኸው ከፈለችን!»

ቁልፌ የታሰሩ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ሸሸገች። 

ኢንስፔክተሯ ስትገባ ማንም እሷ ናት ብሎ አልገመተም። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ደረጃ የወጣችበት ትንፋሽ ገና ያልተመለሰላት ሴት ናት። ሶፋው ላይ ቁጭ ከማለቷ ጫማዋን ከተረከዟ አወለቀች።

«ይቅርታ፣ ይሄ ጫማ ሊገድለኝ ነው» አለች። ከዚያ የት እንዳለች ትዝ ብሏት አፏን ያዘች። «ምን አፍ ነው የሰጠኝ!»

ጋሼ አጥሩን ለአንደኛው ፖሊስ ሊያሳዩ ወደ ጓሮ ወጡ። ኢንስፔክተሯ ሌላ በርጩማ ስባ ቁልፌ አጠገብ ተቀመጠች።

«ከእትዬሽ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ።»

በር ላይ የቀረው ፖሊስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በምን?»

«እሳቸው ጨው አንሷል ይላሉ፤ እኔ ምላስዎ ነው ያረጀው እላለሁ። በዚሁ እንውላለን።» እንባዋ መጣ። «አሁን ማን ጨው አነሰ ይለኛል?»

«ትናንትስ?»

«ሻንጣ ስናሰናዳ አረፈድን። ለሦስት ሳምንት ሽርሽር ወደ አውሮፓ ሊሄዱ ነበር፣ ከታናሽ እኅታቸው ጋር። አልጋው የልብስ ሱቅ መስሎ ነበር። ይሄ ያወፍረኛል፣ ያ ያስረጀኛል፣ ያኛው ፎቶ ላይ አያምርም። ሻንጣው ከሃያ ሦስት ኪሎ ካለፈ አይሮፕላኑ አይጭነውም አሉ። ስለዚህ ታቅፈውት መታጠቢያ ቤት ያለው ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ እኔ ጎንበስ ብዬ አነባለሁ፤ ከዚያ የራሳቸውን እንቀንሳለን። ሦስት ጊዜ አወጣን፣ ሦስት ጊዜ መለስን። መጨረሻ ላይ ልክ ሃያ ሦስት መጣ። ያኔ እንደ ሕፃን አጨበጨቡ።»

«ከዚያ?»

«ካውያውን ነቅዬ ለሻንጣው ጓጉንቸር ልገዛ ወጣሁ። ሱቁ ዝግ ነበር። ባዶ እጄን ስመለስ እንደዚያ ሆነው አገኘኋቸው።»

«መንገድ ላይ ያየሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ሻንጣው ውስጥ ምን ምን ነበር?»

ቁልፌ ከንፈሯን ነከሰች። ከሁለት ቀን በፊት እትዬ በልጇ ስም አስምለዋት ነበር፤ «ሻንጣዬ ውስጥ ያየሽውን ለማንም እንዳትተነፍሺ» ብለው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን ብትናገር መሐላው ልጇ ላይ ይደርስባታል፤ ዝም ብትል ካቴናው እጇ ላይ ይቀራል።

«ልብስ» አለች።

«ምን ዓይነት ልብስ?»

«ልብስ ነዋ!»

«ይኸው፣ ትደብቃለች!» አለ ፖሊሱ ከበር።

«አንተ በሩን ጠብቅ» አለችው ኢንስፔክተሯ። «አፏን ለእኔ ተውልኝ።»

ቀጥላ የተጠራችው የእትዬ ልብስ ሰፊ ስትገባ ሁለቱም እጆቿ ወገቧ ላይ ነበሩ። ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ የተጠበበ ቀሚስ አድርሳ፣ አራት ሳይሞላ ወጥታለች።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው? እሷን ገድዬ ጫማ ከየት ላመጣ ነው?»

«ጫማ ትሸጥልሽ ነበር?»

«ትሸጥልሽ? ትሰጠኝ ነበር እንጂ! የእሷ ግራ እግር ሠላሳ ዘጠኝ፣ ቀኙ ሠላሳ ስምንት። የእኔ ደግሞ ግልባጩ፤ ፈጣሪ ሲሠራን አሳስቶ ያቀያየረን ይመስል። እሷ ሁልጊዜ ሁለት ጥንድ ትገዛለች፣ አንዱን በሠላሳ ስምንት፣ አንዱን በሠላሳ ዘጠኝ። የሚሆናትን ትወስዳለች፤ የተረፈው ግራና ቀኝ የእኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጫማ ገዝቼ አላውቅም! ለጉዞው የገዛችውም እንደዚያው ነው። የእኔን ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አስቀምጣልኝ ነበር፤ ስቸኩል ረስቼው ወጣሁ።»

«ባልየውስ ይህን ያውቃሉ?»

«እሱ? ሁለት ጥንድ መግዛቷን ቢሰማ ዓመት ሙሉ ይጨቀጭቃታል። በድብቅ ነበር የምንካፈለው።» ድንገት ድምጿ ተሰበረ። «ባዶ እግሬን ብሄድ ይሻለኝ ነበር።»

ታናሽ እኅትየው ለብሳ የመጣችው ለመንገድ ያዘጋጀችውን ልብስ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ገብቶባታል። የእኅቷን እግር ነገር ስትጠየቅ ዐይኗን ጨፈነች።

«ልጆች ሳለን ነው። አጥር ላይ ወጥታ ፈራች። እኔ፣ ዝለይ፣ አንቺ ፈሪ፣ አልኳት። ግራ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ገጠመ፤ እግሯም በዚያው ሰፋ። አሁንም እንሂድ ብዬ የጎተጎትኳት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ዝለይ የምላት እኔ ነኝ!»

«ከሽርሽሩ መቼ ነበር የምትመለሱት?»

እኅትየው ቁልፌን አየች፤ ቁልፌም እሷን።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ» አለች።

ኢንስፔክተሯ የሁለቱን ዐይን መገናኘት አየች። የቁልፌን ካቴና አስፈትታ ወደ መኝታ ቤቱ ይዛት ገባች።

ከእትዬ መኝታ ቤት ሽቷቸው ገና አልወጣም። ቁልፌ ደፉ ላይ ቆማ ግድግዳውን ያዘች። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ የአልጋውን ብረት ጠርዝ፣ ቀጥላም ካውያውን መረመረች። ከዚያ ሻንጣውን ታቅፋ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

«አንብቢ። የእኔን ክብደት ግን ለማንም አትንገሪ።»

ቁልፌ ሁለት ጊዜ አነበበች። ቀነሱ።

«አሥራ ሰባት ተኩል» አለች ቁልፌ። ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔ በዐይኔ ሃያ ሦስት አይቻለሁ! በልጄ…» ምላሷን ያዘች። ልጇን ሌላ መሐላ ውስጥ መጨመር አልፈለገችም።

«አምስት ኪሎ ተኩል ክንፍ አውጥቶ አይበርም» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሻንጣውን ከፈተች። ስስ ቀሚሶች፣ ቀላል ሸሚዞች፣ የፀሐይ ባርኔጣ። ከጎን የገባውን አዲስ ጥቁር ጫማ አውጥታ ሶሉን ገለበጠች። ከአልጋ ሥር ደግሞ ካርቶኑን ጎትታ፣ ያንንም ገለበጠች። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ከዳር እስከ ዳር በእጇ ዳሰሰች። ወፍራም ሱፍ ካፖርት ላይ ስትደርስ ቆመች። ወገቡ ላይ ጥርት ያለ የእጥፋት መስመር ነበረ። ከሥሩ ረጅም ቦት ጫማ ተቀምጧል።

ቁልፌን ዘወር ብላ አየቻት።

«የማልሽውን ጠብቂ» አለቻት ቀስ ብላ። «እኔ ካልጠየቅኩሽ አንቺም አልተናገርሽ።»

ከዚያ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ኢንስፔክተሯ አራቱን አዲስ ጫማዎች ከሻንጣውና ከካርቶኑ አውጥታ፣ አደባልቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለት ግራ፣ ሁለት ቀኝ።

«አንድ ነገር እንድትረዱኝ ነው። ከነዚህ ውስጥ ለሟቿ የሚሆን አንድ ጥንድ እፈልጋለሁ። ባለቤቷ ነዎትና እርስዎ ይቅደሙ፣ ጋሼ።»

«ይሄ ምን ቁም ነገር አለው?» አሉ ጋሼ። ግን የተዛነቀ ዕቃ ዐይናቸው አይወድም። አራቱንም አንድ በአንድ ገለበጡ። ሠላሳ ዘጠኙን ከሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ስምንቱን ከሠላሳ ስምንት አጋጠሙ። ትንሽ አሰቡና ሠላሳ ስምንቱን ጥንድ ወደ ኢንስፔክተሯ ገፉላት።

 ልብስ ሰፊዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አሁን አንቺ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ቁልፌ ተነሣች። ሶል አልገለበጠችም። እያንዳንዱን በመዳፏ መዘነችና ሰፊውን ግራ፣ ጠባቡን ቀኝ ለይታ አስቀመጠች። ታናሽ እኅትየውም ያንኑ አነሣች። ልብስ ሰፊዋ ሳትጠየቅ «የእኔ ደግሞ እነዚያ ናቸው!» ብላ የቀሩትን አሳየች።

«ምንድን ነው ይሄ ጨዋታ?» አሉ ጋሼ።

«ሻንጣውን ማን እንደገና እንዳሰናዳው ነው የሚነግረን» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሟቿ ሻንጣ ውስጥ ያስገባችው እግሯን የሚመጥነውን ነው፤ ግራው ሠላሳ ዘጠኝ፣ ቀኙ ሠላሳ ስምንት። እኔ ያገኘሁት ግን ሁለቱም ሠላሳ ስምንት። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ሠላሳ ዘጠኝ። አንድ ሰው ሻንጣውን አራግፎ፣ ጫማው ቁጥሩ ተዛንፎ ሲያገኘው አላስቻለውም፤ ከአልጋ ሥር ካለው ካርቶን ጋር አቀያይሮ አስተካከለው። እነዚህ ሦስት ሴቶች እንደዚያ ሊያጋጥሙት አይችሉም። ይህን እግር ያውቁታል። የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ሃያ ስድስት ዓመት!» አለች ታናሽ እኅትየው። «ሃያ ስድስት ዓመት አብረሃት ተኝተህ እግሯን አይተኸው አታውቅም?»

«ቁጥር ስለተሳሳትኩ ገዳይ ልባል ነው?»

«ገና አልጨረስኩም። አውሮፓ አሁን የሙቀት ወር ነው፤ ሟቿ ግን ወፍራም ካፖርትና ቦት ጫማ ይዛ ነበር። ክብደቱን ደምሩት፣ የጎደለው አምስት ኪሎ ተኩል ይሞላል። ካፖርቱ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ተሰቅሎ የሚኖር ካፖርት ወገቡ ላይ ምን አጠፈው? ሻንጣ ነው ያጠፈው። ለሦስት ሳምንት ሙቀት ካፖርት የሚይዝ የለም። ብርዱ እስኪመጣ እዚያ የሚቆይ ሰው ግን ይይዛል። እርስዎ ያንን ካፖርት አዩ።»

«ካውያውስ? ደም ያለበት ካውያ የማን እጅ ነው የያዘው?»

«እሱን ነው የምልዎት። ለፖሊሶቹ፣ በመስኮት ልብስ ስትተኩስ አየኋት፣ ወዲያው ጩኸት ሰማሁ አሉ። እንግዲያ ካውያው ግሎ ነበር ማለት ነው። የጋለ ብረት የነካ ደም ይጠበሳል፣ ይጠቁራል። ይሄ ግን እንደ ቀለም ሳስቶ ነው የደረቀው፤ ካውያው ከቀዘቀዘ በኋላ ሆን ተብሎ የተቀባ ነው። ቁስሉ ደግሞ ሐኪሙ እንደጻፈው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፣ የአልጋው ብረት ጠርዝ ልክ። ሠራተኛዋ ጓጉንቸር ልትገዛ ወጣች፤ እርስዎ ገቡ። የሆነው ይሄ ነው።»

ጋሼ ጫማዎቹን ደጋግመው አዩ። በአንድ ጊዜ ዐሥር ዓመት ያረጁ መሰሉ።

«ካፖርት!» አሉ። «ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ በአፏ እንኳ አልነገረችኝም። በሻንጣ ነው የሰማሁት! ምንድን ነው ስላት፣ አልመለስም አለች። ሳትጮህ፣ ቀሚስ እያጠፈች! ገፋኋት፤ መግፋት ብቻ ነው…»

«መግፋቱንስ ንዴት ነው ይበሉ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ካፖርቱን መስቀሉ፣ ካውያውን ደም መቀባቱ፣ ይህችን ሴት እስር ቤት ማስገባቱስ? እሱን ረጋ ብለው ነው የሠሩት።»

ካቴናው ወደ ጋሼ እጅ ተሻገረ። ታናሽ እኅትየው መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ቁልፌ ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች።

«እኔ አልተነፈስኩም» አለቻት።

«አውቃለሁ፣ እኅቴ። አውቃለሁ።»

«የሚለብሱት ይያዙ፤ ረጅም ጊዜ ነው» አላቸው ፖሊሱ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ወደ ቁልፌ አዞሩ።

«ቁልፌ፣ ሹራቤንና ካልሲ ያዥልኝ። ጫማዬንም።»

እግሮቿ ለመነሣት ተንቀሳቀሱ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀላል አይደለም። የሹራቡን መሳቢያ ታውቃለች። ጫማቸው አርባ ሁለት እንደሆነ፣ የቀኙ ተረከዝ እንደሚበላቸው ታውቃለች። ግን እዚያው ተንበርክካ ቀረች።

«ራስህ ፈልገው» አለች። አንተ ስትላቸው ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ፖሊሱ ይዟቸው ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። ሳሎን ያሉት ሁሉ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማሉ፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ተመልሶ ያው የመጀመሪያው። ብዙ ቆዩ። ሰውየው ካልሲያቸው የት እንደሚቀመጥ አያውቁም ነበር፤ ከቤቱም ተነሥቶ የነገራቸው አልተገኘም።