ሬሕማን ማን ገፋት?

ሲስተር ማዘንጊያን ፖሊስ የጠራት ለማስተርጎም ነበር። ካርቱም ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ በአንድ ሆስፒታል የነርቭ ክፍል ነርስ ናት። ሐበሻ በታሰረ ወይም በሞተ ቁጥር የእሷ ስልክ ይጮኻል። ለማስተርጎም ብቻ መጥራታቸው ግን የዋህነት ነው። ማዘንጊያ የሰው አፍ ከመስማቷ በፊት እጅና እግሩን የምታይ ሴት ናት።

አስከሬኑ ካፉሪ ሰፈር፣ የመዳም ሉጥፊያ ቪላ ግቢ ውስጥ፣ ከሰገነቱ ደረጃ ሥር በአንሶላ ተሸፍኗል። ሟቿ የቤቱ ሠራተኛ ሬሕማ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ ገና ሃያ አራት ዓመቷ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ መርማሪው መኮንን ሂሻም። «ዘበኛው ካሣዬ ሰገነቱ ላይ አብሯት ነበር። ክንዷ ላይ የጣት ምልክት አለ፤ ጎረቤትም ጩኸት ሰምቷል። ነገ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ። ያላ፣ ቃሉን ተርጉሚልኝ።»

የሱዳን አብዮት ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ፖሊስ በአዲሱ መንግሥት ፊት ቶሎ ሠራ መባል ያምረዋል፤ መታወቂያ የሌለው የሐበሻ ልጅ ደግሞ ለዚህ ምቹ ነው።

ማዘንጊያ አንሶላውን ገልጣ ክንዱን አየች። የጣቱ ምልክት ከክርን ወደ እጅ አንጓ የተንሸራተተ የጥፍር ጭረት ነው። መልሳ ሸፈነችው።

ካሣዬ እጁ በካቴና ታስሮ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ሊቢያ ለመሻገር መንገድ የሚጠብቅ፣ ጺሙ በቅጡ ያላበቀለ ጎረምሳ ነው።

«አልገፋኋትም ሲስተር። ልብስ ስታሰጣ ስትንገዳገድ ከታች አየኋት። ሮጬ ወጣሁ፣ ያዝኳት፣ አመለጠችኝ።»

«ጠጥታ ነበር?»

«ሬሕማ? ምን ነካዎት፣ ሶላት አታቋርጥም እኮ። ብቻ ሁለት ሳምንት ሆናት፣ ቁጭ ብላ ነው የምትሰግደው። ጉልበቴን አመመኝ ትላለች። ብርጭቆም ትሰብራለች።»

«መዳም አትቆጣትም?»

«ኧረ እሷ! ጠዋት ጠዋት በገዛ እጇ ከርከዴ እያፈላች ታጠጣታለች። እንዲህ ያለች መዳም የት ይገኛል?»

ማዘንጊያ ሰገነቱ ላይ ወጣች። እርጥብ ልብሶቹ ግማሾቹ መሬት ወድቀዋል። የልብስ መቆንጠጫዎቹ ግን ገመዱ ላይ አሉ፤ እያንዳንዳቸው ልብሱ ከነበረበት ቦታ አራት ጣት ያህል እልፍ ብለው ባዶ ገመድ ነክሰዋል። ቆማ ብዙ አየቻቸው።

ወደ ሬሕማ ክፍል ወረደች። ከፍራሹ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን፣ ውስጡም ስድስት ነጫጭ ክኒን አገኘች። ይህን ጊዜ የሬሕማ ታላቅ እህት ጀሚላ ከሶባ ሰፈር ደርሳ በሩ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

«መድኃኒቱን የምታመጪላት አንቺ ነሽ?» አለቻት ቀስ ብላ።

ጀሚላ ደነገጠች። «በአላህ ይዤዎታለሁ ሲስተር፣ ለማንም እንዳይናገሩ። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ከታወቀ ማን ይቀጥራታል? ማን ያገባታል?»

«ሞታለች እኮ፣ እህቴ።»

ጀሚላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «ማታ ማታ ሁለት ነው የምትውጠው። አራት ዓመት ሙሉ ሁለት። አርብ አርብ አሥራ አራት ቆጥሬ እሰጣታለሁ።»

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። አራት ሌሊት ስምንት ክኒን፤ ቀሪው ስድስት። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። 

ማዘንጊያ ወጥ ቤት ገባች። መደርደሪያው ላይ፣ ከደረቀው የከርከዴ አበባ አጠገብ፣ ጡጫ የምታህል ሙቀጫ አለች፤ ጠርዟ ላይ ነጭ ዱቄት ደርቋል። ከሙቀጫዋ ኋላ የመድኃኒት ካርቶኖች ተደርድረዋል። ሁሉም ላይ የተጻፈው ስም ከቢር ነው። ከቢር የመዳም ሉጥፊያ አንድ ልጅ ነበር፤ በአብዮቱ ሰሞን በጥይት ተመትቶ የሞተ። ፎቶው ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል።

«የሟቿን ደም ሆስፒታል እናስመርምር» አለችው ሂሻምን። «እስከ ነገ ጠዋት ታገሠኝ። ከተሳሳትኩ እንደ ፈለግህ ውሰደው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ግቢው ውስጥ ተቀመጡ፤ ሉጥፊያ በነጭ የሐዘን ቶብ ተጠቅልላ፣ ጀሚላ መሬት ላይ፣ ካሣዬ እንደ ታሰረ። የምርመራው ወረቀት ማዘንጊያ እጅ ነው።  ብትናገር አንዲት እናት ትሰበራለች፤ ዝም ብትል ደግሞ ይህ ልጅ ወህኒ ይበሰብሳል።

«ማንም አልገፋትም» አለች በዐረብኛ፣ ከዚያ ለጀሚላ በአማርኛ ደገመችላት። «የሚገፋ ሰው ጥፍሩ አይንሸራተትም። ይህ ጭረት የምትወድቅን ሰው አልለቅም ያለ ሰው ጭረት ነው።»

«ታዲያ ለምን ወደቀች?» አለ ሂሻም።

«ከራስ ቅላችን ጀርባ፣ በታች በኩል፣ ትንሹ አንጎል አለ። እግራችን ምን እንደ ረገጠ፣ እጃችን የት እንደ ደረሰ ወሬው ሁሉ ወደሱ ይሄዳል። ሴሎቹ ላይ ተቀባዮች አሉ። አንዳንዶቹ ሥራቸው ማብረድ ነው፤ ጫጫታውን ይቀንሱና ዋናው ወሬ ጥርት ብሎ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ሬሕማ የምትወስደው መድኃኒት እነዚህን ያበረታል። በልኩ ሲሆን በሽታውን ያስታግሳል። ሲበዛ ግን ዋናውንም ወሬ ያፍነዋል። እግር መሬቱን እያገኘ አንጎል አይሰማም። እጅ ልብሱን አልፎ ገመድ ይቆነጥጣል። ቆሞ መስገድ ያቅታል። መድኃኒቱ በየቀኑ ሲደራረብ ነው እዚህ ለመድረስ ሁለት ሳምንት የፈጀው።»

«አብዝታ ወስዳለች ማለት ነው?»

«የራሷ ክኒን ቁጥሩ ልክ ነው። ደሟ ውስጥ የተገኘው ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ሌላ ሰው ይሰጣት ነበር፤ እሷ ሳታውቅ። በሽታውን የሚያውቅ፣ መድኃኒቱ ቤቱ ያለ፣ የሚጠጣ ነገር የሚያቀርብላት ሰው።» ወደ ሉጥፊያ ዞረች። «ከቢርም ይህ በሽታ ነበረበት፣ አይደል ሉጥፊያ?»

ሉጥፊያ አልካደችም። አይኗን ከማዘንጊያ ላይ ሳትነቅል ተናገረች።

«ወጥ ቤት ወድቃ አገኘኋት። ወላሂ፣ ልክ እንደ ልጄ። እስኪያልፍላት ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኳት። ስትነቃ ‹አይተሻል እንዴ መዳም?› አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት... ምንም አላየሁም አልኳት። አይቻለሁ ብላት ጓዟን ጠቅልላ ትሄድ ነበር። መድኃኒት ከከተማው ጠፍቷል፤ የት ታገኛለች ብዬ የልጄን ፈጭቼ ሰጠኋት። ሌላ እንደምትወስድ ማን ነገረኝ?»

ሂሻም ተነስቶ የካሣዬን ካቴና ፈታ። ካሣዬ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። እጁን እያሻሸ ጀሚላ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ማዘንጊያ የሉጥፊያን ቃል ለጀሚላ መተርጎም ነበረባት። በሕይወቷ እንደዚያ የከበዳት ትርጉም የለም። አንድም ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችው።

ጀሚላ እስከ መጨረሻው ሰማች። ወደ ሉጥፊያ ሳይሆን ወደ መሬቱ እያየች ተናገረች።

«የዚያን ዕለት ደውላልኝ ነበር። ‹ወደቅሁ፣ መዳም ግን አላየችኝም፣ አልሐምዱሊላህ› አለችኝ። እንደዚያ ቀን ስትደሰት ሰምቻት አላውቅም።»

ማዘንጊያ ይህንንም ለሉጥፊያ በዐረብኛ ነገረቻት።