የሱሉልታው ድርቆሽ

ወይዘሮ አዝመራ ጣቢያ ድረስ ሄደው «ያሰራችሁት ሰው ሌባ አይደለም» ቢሉ ማን ሰማቸው? ሳጅን ሙክታር ሻዩን እያማሰለ፣ «እማማ፣ ይሄ የፖሊስ ሥራ ነው፤ ቤትዎ ገብተው ይረፉ» አላቸው። አርባ ዓመት ከብት ያረባች ሴት ስለ ድርቆሽ ስትናገር፣ የላም ጭራ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ይረፉ ይላታል!

የሆነው እንዲህ ነው። ከሱሉልታ በአይሱዙ ካስመጧቸው ስድስት ጥቅል ድርቆሾች ሁለቱ፣ ገርጂ ካለው ግቢያቸው አጥር ጀርባ በአንድ ሌሊት ጠፉ። እያንዳንዱ ክብ ነው፤ የሰው ደረት ይደርሳል፤ አራት ጎረምሳ አያነሳውም። ፖሊስም፣ «ያለ መኪና አይወጣም» ብሎ ድርቆሹን ጭኖ ያመጣውን ሾፌር ሀሩንን አሰረው። ሀሩን የሦስት ልጆች አባት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲጭንላቸው አንዲት ሰበዝ አላጎደለም።

«ታዲያ ማን ወሰደው፣ እማማ? ጅብ?» አለ ሳጅኑ።

«ጅብስ ካንተ ይሻላል፤ ያሸታል!»

ወጡ።

የታኅሣሥ ጉም ከኢምፔሪያል ሆቴል ወዲህ ያለውን ሰፈር ባዘቶ አስመስሎታል። አውሮፕላን ከላይ ያልፋል፤ ድምፁ እንጂ አካሉ የለም። ወይዘሮ አዝመራ ከአጥራቸው ጀርባ ቆመው መሬቱን አዩ። የጎማ ፈለግ የለም። ሣሩ ግን እንደ ምንጣፍ ተኝቷል፤ ሰፋ ብሎ፣ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ወደ ቁልቁለቱ።

ሳቃቸው መጣ። ሰው የለመደው አራት ማዕዘኑን የድርቆሽ እስር ነው፤ እሱ ተሸካሚ ይፈልጋል። ክቡን ማን ይሸከመዋል? ከአፋፉ ገፋ ማድረግ ነው፤ ራሱ ይሄዳል።

ፈለጉን ተከተሉት። በጉሙ ውስጥ እግራቸው መሬት የረገጠም አልመሰላቸው። ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርሱ ፈለጉ ጠፋ። እዚያ ከብት ያለባቸው ግቢዎች ሁለት ናቸው፤ የማኅደርና የፍስሃ። ሁለቱም ላሞቻቸውን የሚቀልቡት የቢራ ፋብሪካ አተላ ነው፤ ወተታቸውም አተላ አተላ ይላል።

ማኅደር የጠዋቱን ወተት ሲጠይቋት ሳቀች። «ምነው እትዬ፣ ላሞችዎ ነጠፉ እንዴ?»

«ምላስሽ ይንጠፍና ቅጂልኝ!»

ቀመሱ። አተላ።

ወደ ፍስሃ ግቢ አለፉ፤ እሱም ወተቱን በኩባያ አቀበላቸው። ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገርጂ ጠፋች። ጠል ያዘለ ሜዳ መጣ፤ አበባው ያልረገፈ ሣር፣ ነፋስ እያስተኛ የሚያነሳው።

«ይሄ ሱሉልታ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ላምህ መቼ ሱሉልታ ሄደች?»

«ድርቆሽ ገዝቼ ነው፣ እትዬ።»

«ከማን?»

«ከ... ከነጋዴ።»

«መኪናው የት ቆመ? ማን አወረደልህ?»

ፍስሃ ደረጃው ላይ ዘጭ አለ። «ላሟ አተላውን ጠላችው፣ እትዬ። አራት ቀን አልቀመሰችም። አብረን እናስጭን ሲሉኝ፣ ‹ድርቆሽ ለባላገር ነው› ብዬ ስቄብዎታለሁ። በየት አፌ ልለምንዎት?»

«መስረቁ ሳያሳፍርህ መለመኑ አሳፈረህ!»

«የተረፈውን አሁኑኑ ልመልስ...»

«ላሟ ምን በደለች? የጀመረችውን ትጨርስ።» ከዘራቸውን ወደ ጣቢያው ቀሰሩ። «ያልበደለው ሀሩን ግን ባንተ ኩራት ሲሚንቶ ላይ አድሯል። ጫማህን አጥልቅ! ፊት ፊቴ ሂድ፤ ለሳጅኑ በገዛ አፍህ ተናገር። ሀሩን ከዚያ በር ሳይወጣ፣ አንተም እኔም ቤታችን አንገባም!»