ውሃው ይቅደም

ኢንስፔክተር ፀዳለ ከወልድያ ተነሥታ፣ ስሪንቃን አልፋ፣ ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የፓፓያ እርሻ ስትደርስ የኑርሁሴን አስከሬን ከፓምፑ ጉድጓድ ወጥቶ ሣር ላይ ተጋድሟል። ፊቱን በሽርጥ ሸፍነውታል። ረጅም ሰው ስለነበር ባዶ እግሮቹ ከሽርጡ ወጥተዋል።

የእርሻው የፓምፕ መካኒክ ነበር። አዲስ የመዳብ ኬብል ከመጋዘን ጠፍቶ ቁራጩ በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ተገኘ ተብሎ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ያለ ደመወዝ ከታገደ ሰንብቷል።

«ሊሰርቅ ገብቶ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ገዛኸኝ። ማለዳ ለስብሰባ ወልድያ ሄዶ አደጋውን በስልክ ሰምቶ መመለሱ ነበር። «መብራት ጠፍቶ ነበር። ድንገት ሲመጣ ያዘው።»

ፀዳለ ወደ ፓምፑ ቤት ሄደች። የሟቹ ጫማ ከደጃፉ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ሞተሩን አየች። የተቃጠለው ዕቃ ወጥቶ ሌላ ገብቶለታል፤ ከቡሎኖቹ ገሚሱ ጠብቋል፣ ገሚሱ ካርቶን ላይ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል።

«ሌባ ይፈታል እንጂ አያጠብቅም» አለች ለራሷ።

ሰዉ ገለል ከተደረገ በኋላ አስከሬኑን የፈተሸው ፖሊስ ከሸሚዙ ኪስ ያገኘውን ቀይ ጨርቅ አመጣላት። ኪሱ ጉድጓዱ ውስጥ ባለው ደለል ተሞልቷል። የጨርቁን ውጭ የኪሱ ጭቃ ነክቶታል፤ እጥፋቱ ሲዘረጋ ግን ውስጡ ረጠብ ከማለቱ በቀር ንጹሕ ነው።

«ይህን ለማንም እንዳትናገር» አለችው።

አስከሬኑ ወልድያ ሆስፒታል ተመርምሮ ግራና ተቀበረ። በማግስቱ ፀዳለ ሚስቱን ዘይነባን ቤቷ ሄዳ አነጋገረቻት።

«መታገዱን ደብቆኝ ነበር» አለች ዘይነባ። «ጠዋት የሥራ ልብሱን ለብሶ ይወጣና መርሳ መናኸሪያ ጥግ ቁጭ ብሎ ይውላል። ያየችው ጎረቤት ነገረችኝ። እኔም እንዳላወቀ ሰው ሆንሁ። ምሳውን እቋጥርለታለሁ። ሲመለስ ‹ሥራ እንዴት ዋለ?› እለዋለሁ፤ ‹አልሐምዱሊላህ› ይለኛል።»

«ያን ዕለት ጠዋትስ?»

«ስልክ ተደወለለት። ‹ዛሬ ሥራ አለኝ› ብሎኝ ወጣ። ሁልጊዜ ‹ሥራ ልሂድ› ነበር የሚለኝ። ‹አለኝ› ሲለኝ ደስታው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።» ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። «ኬብሉን ሰረቀ ብለው በግራና ገበያ መሀል ነው የጮኹበት፣ እህቴ። ልጆቼ ሰምተዋል።»

ፀዳለ ከዚያ ወደ እርሻው ተመልሳ ሽማግሌውን ዘበኛ ኡበይደላን ከበሩ አጠገብ አገኘቻቸው።

«አባቴ፣ በሩን ማን ከፈተለት?»

«ወላሂ…» ብለው ጀመሩ።

«አይማሉ። ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ የገባ ሰው አጥር ዘሎ አይመጣም።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው አለቀሱ። «እኔ ነኝ የከፈትሁለት። አቶ ገዛኸኝ ደውለው ‹አስገባው፤ ለማንም እንዳትናገር› አሉኝ። ሠራተኛው ሁሉ ወንዙ ማዶ ለቀማ ላይ ነው፤ ግቢ ውስጥ ከእኔና ከሙባረክ በቀር ሰው አልነበረም። ሙባረክ ሲጮህ ከበሩ ሮጬ ደረስሁ። እኔ እግሩን ይዤ፣ እሱ ደረቱን አቅፎ አወጣነው።»

ሙባረክ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ ረጋ ያለ ወጣት። የፓምፑ ማብሪያና ማጥፊያ ያለው እሱ መጋዘን ውስጥ ነው።

«የመጋዘኑ ቁልፍ ከአንተ ሌላ ማን ጋ አለ?»

«ከእኔ በቀር ማንም ጋ የለም። ያን ጠዋት አልከፈትሁትም። ኑርሁሴንንም ሞቶ ነው ያየሁት።»

«ሲሠራ ጥንቁቅ ነበር ይባላል።»

«በጣም እንጂ። መብራቱን ያጠፋና ማንም እንዳያበራው ቀይ ጨርቁን ማብሪያው ላይ ያስራል። ያን ዕለት መብራት የለም ብሎ ተዘናጋ። አየሽ፣ ጨርቁን በኪሱ ይዞት እያለ!»

ፀዳለ ማብሪያውን ተመለከተች። ከዚያ አንድ የፓፓያ ሣጥን ገልብጣ ቆመችበትና ከፊቷ በተከመሩት ሣጥኖች አናት ላይ አሻግራ አየች። ወረደች። መጋዘኑ እንዲታሸግ አዘዘች።

ዘይነባ በዒዳ፣ ባል ለሞተባት ሴት በተደነገገው የሐዘን ጊዜ ላይ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ ስለዚህ ፀዳለ ሁሉንም እሷ ግቢ ሰበሰበቻቸው። ገዛኸኝ ወንበር ቀርቦለት ነበር፤ አልተቀመጠም።

«ኑርሁሴን ሊሰርቅ አልገባም» ብላ ጀመረች። «ሞተሩን ይጠግን ነበር። በሩ ተከፍቶለታል። አቶ ገዛኸኝ፣ የጠሩት እርስዎ ነዎት።»

«ፓፓያው እየደረቀ ነበር» አለ ገዛኸኝ ድምፁ ተሰብሮ። «ሌላ መካኒክ አጣሁ። ካስተካከልኸው እገዳውን አነሣልሃለሁ አልሁት።»

«እገዳ ማጣሪያ ነው እንጂ ቅጣት አይደለም። ሕጉም የጊዜ ገደብ አበጅቶለታል። ገደቡ አላለፈም?»

«አልፏል።»

«ቃሉን ተቀብላችሁት ነበር?»

«አልጠየቅነውም።»

«ሳትጠይቁት እንጀራውን ያዛችሁበት። ሲቸግራችሁ በድብቅ አሠራችሁት። ሲሞት ደግሞ ሌባ ነው አላችሁ።» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «አሁን ወደ ሞቱ። ኪሱ በደለል ተሞልቶ ነበር፤ የቀዩ ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ግን ደለል አልገባም። ስለዚህ ጨርቁ ከእሱ ጋር ጉድጓድ አልገባም። ከወጣ በኋላ ነው ኪሱ የተከተተው። ታዲያ ሲሞት የት ነበር? ሁልጊዜ የሚያስርበት ቦታ፣ ማብሪያው ላይ። ይህ ከሆነ ኑርሁሴን መጋዘን ገብቷል፤ መጋዘኑም ተከፍቶ ነበር። የከፈተው ደግሞ ብቸኛው ባለ ቁልፍ ነው።»

ሙባረክ አቀረቀረ።

«ጨርቁ በኪሱ መገኘቱን ከእኔና ከፈተሸው ፖሊስ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንተ ነገርኸኝ። አስከሬኑን ስታወጡ ደረቱን የያዝኸውም አንተ ነህ። ያ ጨርቅ ታስሮ እያለ በስህተት የሚያበራ የለም፤ መጀመሪያ መፍታት አለበት። ምክንያቱን የሳትነው እኛ አጭር ስለሆንን ነው። በእሱ ቁመት ማብሪያው ጋ ቆሜ ሳይ፣ ከሣጥኖቹ ጀርባ የጠፋው ኬብል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ኑርሁሴን አይቶታል።»



«ቁራጩን ሣጥኑ ውስጥ የከተትሁት እኔ ነኝ» አለ ሙባረክ ቀና ሳይል። «ኬብሉን ሲያይ ሮጦ ይደውላል ብዬ ነበር። አልደወለም። ‹ለአለቃ እነግራለሁ፤ ግን ውሃው ይቅደም፣ ተክሉ ተጠምቷል› ብሎኝ ወረደ። ጨርቁን ፈትቼ ማብሪያውን ከፈትሁና መብራቱ እስኪመጣ ቆሜ ጠበቅሁ።»

ዘይነባ አልጮኸችም። እጇን አፏ ላይ ጭና ሕፃን እንደምታባብል እናት ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። ኡበይደላ ከፊቷ ተንበረከኩ።

«አውፍ በይኝ፣ ልጄ። እውነቱን በጊዜው ብናገር…»

«ይነሡ አባቴ» አለች። «እርስዎን አላህ ይማርዎ።»

ገዛኸኝ አንድ እርምጃ ቀረበ። «እገዳው… እገዳው ተነሥቷል» አለና የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ፊቱን አዞረ።

ፖሊሶቹ ሙባረክን ይዘው ሲወጡ ዘይነባ የፀዳለን እጅ ያዘች።

«እኔ ገበያ አልወጣም። አንቺ ግን ትችያለሽ። ስሙ የጎደፈው እዚያ ነው።»

«ገዳዩ ማን እንደሆነ ፍርድ ቤት ሳይወስን በአደባባይ መናገር አልችልም» አለች ፀዳለ። «ኑርሁሴን ግን ሌባ እንዳልነበረ መናገር እችላለሁ።»

በገበያው ቀን ፀዳለ ግራና ወረደች። ከእህል ተራው መሀል ድንጋይ ላይ ቆመች። መለዮዋን ያዩ ነጋዴዎች ጨዋታቸውን አቋረጡ፤ አንዲት በርበሬ ሻጭ ሚዛኗን አስቀመጠች።

«ኑርሁሴን ሙሐመድዘይን» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ስሙን ከነአባቱ ጠርታ። ከኋላ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ ጥምጥሙን አስተካክሎ ሊሰማት ተነሣ።